በረጨሁ ቁጥር የሚብሰው ለምንድን ነው? ስለ ስፓይደር ማይት ለጠየቅከኝ

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲምና ኪያር ተክለሃል። ቅጠሉ መጀመሪያ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ቀንበጡ ላይ ስስ ድር አድርቷል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለውን የነፍሳት መድኃኒት ደጋግመህ ረጭተሃል፤ «በረጨሁ ቁጥር ይብስበታል፣ መጠኑን ልጨምር ወይ?» ብለሃል።

አትጨምር ወንድሜ። እንዲያውም እሱን መድኃኒት ዛሬውኑ አቁም።

የነገርከኝ ምልክት የስፓይደር ማይት ነው። ማይት ደግሞ ነፍሳት አይደለም፤ ስምንት እግር ያለው የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ለነፍሳት የተሠራ ብዙ መድኃኒት እሱን በቅጡ አይገድለውም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የከሰርከው ገንዘብህን ብቻ ነበር። ግን ማይትን እየበሉ ልክ የሚያስገቡት ጠላቶች አሉ፣ አዳኝ ማይቶችና ጥቃቅን ጥንዚዛዎች፣ እና አንተ የረጨኸው ፓይሪትሮይድ የሚባለው ወገን እነሱን ጠራርጎ ይጨርሳል። ማይቱን የሚበላ ጠላት ሲጠፋ እሱ ያለ ከልካይ ይባዛል። የባሰብህ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን አረጋግጥ። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዝና ቅጠሉን መታ መታ አድርገው። የወደቁት ነጥቦች ቀስ እያሉ ከተንቀሳቀሱ እሱ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን ብቻ አትተማመን፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ብትይዝ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ማይትና ድቡልቡል እንቁላሎቹን ታያለህ።

አሁን ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከእንቁላል ተነስቶ ለአቅመ እንቁላል የሚደርሰው በሳምንት ውስጥ ነው። አንዷ ሴት በዕድሜዋ 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ወንድ ባታገኝ እንኳ ትጥላለች፤ ካልዳበረው እንቁላል ወንድ ይፈለፈላል። ብዙው መድኃኒት እንቁላሉን ስለማይነካ ዛሬ ረጭተህ ንጹሕ የመሰለህ ተክል ከቀናት በኋላ እንደገና ይሞላል። ስለዚህ አንዴ ረጭቶ መገላገል የለም። በሙቀት ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መድገም የግድ ነው። መድኃኒቱን ስንት ጊዜና በስንት ቀን ልዩነት መርጨት እንደሚፈቀድ ግን የሚወስነው ዕቃው ላይ ያለው መመሪያ ነው።

ሥራውን እንዲህ ጀምር። ድር የለበሱትንና በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጠህ እዚያው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተታቸውና እሰር። በየመስመሩ እየጎተትክ አታውጣ፣ ታዛው ሥርም አትጣል፤ ልብስህ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ጤነኛው ተክል ይሄዳል። በዚሁ ምክንያት የታመመውን መስመር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ግባበት። ቀጥለህ ጠዋት በጠንከር ያለ ውኃ የቅጠሉን ጀርባ እጠብ። ጠዋት ያልኩህ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ነው፣ አለዚያ ኪያሩን ሻጋታ ይጨርስብሃል።

ከዚያ ለተክል የተሠራ የፖታስየም ሳሙና ወይም የተክል ዘይት ርጭት ትጠቀማለህ። የልብስ ሳሙና ዱቄት ተው፣ ቅጠል ያቃጥላል። ሳሙናው የሚገድለው ያረጠበውን ማይት ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ከላይ ረጭቶ ቅጠሉ ሲያብረቀርቅ ያየና ይሄዳል፣ ማይቱ ግን ከሥር ደረቅ ቦታ ላይ ተመችቶት ተቀምጧል። ኖዝሉን ከታች ወደ ላይ አዙር፣ ጀርባው እስኪንጠባጠብ ድረስ ርጭ። በመጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክረህ አንድ ሁለት ቀን እየው። ተክሉ በጠማው ሰዓትና ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ አትርጭ። ድኝ (ሰልፈር) የምትረጭ ከሆነም ከዘይቱ ጋር አይገናኙ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራራቁ፣ ኪያር ደግሞ ብቻውን የተረጨ ድኝ እንኳ ሊጎዳው ይችላል።

ይህ አልበቃ ካለ ለማይት የተሠራ መድኃኒት ግዛ፣ ለሰብልህ የተፈቀደውን። አባሜክቲን ቅጠሉ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ባይፌናዜት የሚንቀሳቀሰውን ይመታል፣ ሄክሲቲያዞክስ እንቁላልና ጨቅላውን እንጂ ትልቁን አይገድልም። አንዱን ብቻ አትደጋግም። ይህ ማይት ከ90 በላይ በሆኑ የመድኃኒት ዓይነቶች ላይ መላመድ የታየበት ፍጥረት ነው። ዕቃው ላይ የአሠራር ምድብ ቁጥር አለ፣ መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚገድል የሚያሳይ፤ አባሜክቲን 6፣ ሄክሲቲያዞክስ 10፣ ባይፌናዜት 20። የምትቀያይረው በቁጥሩ ነው፤ የንግድ ስሙ ተለየ ማለት መድኃኒቱ ተለየ ማለት አይደለም። ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የቀን ገደብ አክብር፤ ቲማቲሙን ሰው ነው የሚበላው።

አዳኝ ማይት ገዝቼ ልልቀቅ ብለህ ካሰብክ ጥሩ ነው፣ ግን አሁን አይደለም። የረጨኸው ፓይሪትሮይድ ቅጠሉ ላይ ለሳምንታት ቆይቶ ይፈጃቸዋል።

ደረቅ ሙቀት፣ አቧራና የውኃ ጥም ለማይት ድግስ ነው። ውኃውን አታዛባ፣ ዩሪያ አታብዛ፣ ዙሪያውን ያለውን አረም ንቀል።

የተጎዳ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ በእሱ አትፍረድ። የምታየው አዲሱን ቅጠል ነው፤ እሱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ እያሸነፍክ ነው። ኪያሩ ግን ከግማሽ በላይ ድር ለብሶ ከሆነ እኔ ብሆን እዚያው ረጭቼ፣ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ነቅዬ አወጣውና ጉልበቴን በሙሉ ቲማቲሙ ላይ አደርጋለሁ።