አምባሰል ሲከፈት ሆድ ለምን ይብሳል?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው ያደግኩት። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ የአምባሰል ዘፈን ተከፈተና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅ ሆነን ጦሳ ተራራ ስር እሸት እየጠበስን የምናንጎራጉረው ነበር፣ የጭሱ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ። ምን ነካኝ?

መልስ፦ ኧረ ምንም አልነካህ ወንድሜ! ጎልማሳ ሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያሳለፈውን ነው አብዝቶ የሚያስታውሰው። አምባሰልና ባቲ ደግሞ የቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፤ የአገርህ የወሎ ቦታዎች ናቸው። የሕዝብ ዘፈን ብቻህን አትዘፍነውም፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አንዱ ያጨበጭባል (ምቱን የሚያበላሽ አንድ ልጅ መቼም አይጠፋም)፣ ስለዚህ ዜማው ሲመጣ ልጆቹም አብረው ይመጣሉ። እስቲ ያንን ምት አበላሺ ፈልገህ ደውልለት።