ከዕቁቡ ዕጣ በኋላ፦ ስለ ፔፕታይድና ስለ ፊታችን የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ የዕቁባችን ዕጣ ወጥቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ እንደደረሰ አንዷ ከቦርሳዋ ትንሽዬ ጠርሙስ አወጣች። «ፔፕታይድ ነው አሉኝ። ልጄ ናት ከውጭ የላከችልኝ። ምን ላድርገው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። ጮክ ብላችሁ መጠየቅ የከበዳችሁ ደግሞ በወረቀት ጻፋችሁና የዕጣው ሳህን ውስጥ ጣላችሁ። ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። የማንንም ስም አልጠራም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም የሚያስፈልጋችሁን በየቦታው እነግራችኋለሁ።

«ፔፕታይድ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው ወይስ ቅባት?»

ቅባት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ዶቃ በክር ሲሰካ አስቡት። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ረጅሙ ክር ፕሮቲን ነው። ጥቂት ዶቃ ብቻ ያለው አጭሩ ክር ፔፕታይድ ይባላል።

ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን ረጅም ፕሮቲን ነው። ሲሰባበር ትንንሽ ቁርጥራጮች ይቀራሉ። ቆዳችን ቁርጥራጮቹን ሲያገኝ «እዚህ የፈረሰ አለ» ብሎ አዲስ ይሠራል። ክሬሙ ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ያንን ቁራጭ አስመስሎ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ከኮላጅን የተወሰደ ባለ አምስት ዶቃ ቁራጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ሲጨምሩ፣ ሴሎቹ ኮላጅን በብዛት መሥራት ጀመሩ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ችግሩ ቆዳ በር ዘግቶ የሚኖር መሆኑ ነው። ውሃ የሚወድ ነገር በቀላሉ አያስገባም። ስለዚህ አምራቾቹ ፔፕታይዱ ላይ የቅባት ጭራ ቀጠሉበት። ጠርሙሱ ላይ «ፓልሚቶይል» የሚል ቃል ካያችሁ ያ ጭራው ነው። ፓልሚቶይል ፔንታፔፕታይድ-4 ይኸው በ1993 የታየው ቁራጭ ነው፤ ጭራ ተቀጥሎለት ማለት ነው።

«እውነት ይሠራል? በስንት ጊዜ?»

ይሠራል፣ ግን በትንሹና በቀስታ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 93 ሴቶች ለ12 ሳምንት ግማሽ ፊታቸውን ፔፕታይድ ባለው ክሬም፣ ግማሹን ፔፕታይድ በሌለው ተቀቡ። ፔፕታይድ ባለው በኩል ቀጫጭኑ መስመር ቀነሰ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ያጠኑት የመዋቢያ ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው። የተጠኑት ሴቶች ደግሞ ነጮች ናቸው።

የእኛ ቆዳ በሌላ መንገድ ነው የሚያረጀው። ጠይም ፊት ቶሎ አይሸበሸብም። ቀድሞ የሚመጣው ማድያትና የተዘበራረቀ ቀለም ነው። ስለዚህ ፔፕታይድ ብቻውን ማድያቴን ያጠፋልኛል ብላ የምትጠብቅ ታዝናለች። የሚሰጣችሁ ለስለስ ያለ፣ ውሃ የጠገበ፣ ትንሽ ጠበቅ ያለ ፊት ነው። ሦስት ወር ሳትሞክሩት አትፍረዱበት።

«ከዚህ ይልቅ ሬቲኖል ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ጥንካሬን ካየን ልክ ናቸው። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዓይነት ነው፤ ከፔፕታይድ ይልቅ ብዙ የተጠናና ብርቱ ነው። ግን የራሴን ልንገራችሁ።

ለእህቴ ሠርግ ፊቴ እንዲያበራ ብዬ ጠንካራ ሬቲኖል በየማታው ቀባሁ። ቸኩዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አፌ ዙሪያ ተላጠ፣ ጉንጬ ተቆጣ፣ ውሃ ሲነካው ያቃጥለኝ ጀመር። ቁጣው በአሥር ቀን በረደ። የተወልኝ ጥቁር ምልክት ግን ሰባት ወር ቆየ። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ምልክት ይተዋል፤ ከብጉርም፣ ከቃጠሎም፣ ከመፈተግም በኋላ። ለዚህ ነው ለእኛ ሰው ረጋ ያለውን የማስቀድመው። ፔፕታይድ ፊትን እምብዛም አያስቆጣም። ሬቲኖል የምትፈልጉ ጥንካሬው ዝቅተኛ የሆነውን ገዝታችሁ፣ በሳምንት ሁለት ማታ፣ የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ጀምሩ። ፔፕታይዱን በቀሩት ማታዎች መቀባት ይቻላል።

እርጉዝ ለሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ለምታስቡ ሬቲኖል አይሆንም። በእርግዝና ማድያት ለሚያስቸግራት አዜላይክ አሲድ የሚባል አለ፤ ሐኪሟን ጠይቃ ትጠቀመው።

«ሐይቁ ዳር ነው የምውለው። ዓሣ እሸጣለሁ። ፀሐዩ ከውሃው እየተንጸባረቀ ነው መሰለኝ ፊቴን የፈጀው።»

እትዬ፣ ይህን ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊትን የሚያስረጀው ከሁሉ በላይ ፀሐይ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ነዎት።

ውሃው የሚመልሰው ጨረር እንደሚመስለን ብዙ አይደለም፤ ከመቶው 10 ቢሆን ነው። ትልቁ ነገር ከላይ የሚመጣው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙቀቱን የሐይቁ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨረሩን ግን ነፋስ አይመልሰውም። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላዎን ይዩት፤ እግርዎ ሥር ይገባል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው ማለት ነው። ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ጨረሩ ብርቱ ነው። በጥቅሉ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይጠንቀቁት። የክረምቱ ስስ ደመናም ብዙም አያግደውም።

ስለዚህ ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ፔፕታይድ አይግዙ። ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያውን ቅባት ይግዙ። ያ ሁሉ ፀሐይ ባለበት ፔፕታይድ መቀባት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። ሰፊ ባርኔጣና መደብዎ ላይ የሚዘረጋ ሸራ ደግሞ ከሁሉም ክሬም ርካሽ ነው። ነጠላውን ከግንባርዎ ወደፊት ጎተት ያድርጉት። ስስ ነጠላ ብቻውን ግን አይበቃም።

«ሰንስክሪን ስቀባ ፊቴ አመድ ይመስላል። ምን ላድርግ?»

ቀለም ያለውን፣ ቡናማውን ፈልጊ። ቡናማ የሚያደርገው አይረን ኦክሳይድ የሚባል ነው። አመድ ከመምሰል ያድንሻል፤ ማድያትን የሚያባብሰውን፣ ዓይን የሚያየውን ብርሃንም ይከላከላል። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መጠኑ ሁለት ጣት ነው፤ ከጠቋሚና ከመሐል ጣትሽ ሥር እስከ ጫፍ አስምሪና ያንን ሁሉ ለፊትና ለአንገት። አብዛኞቻችን ከሩቡ እስከ ግማሹን ያህል ነው የምንቀባው። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

«ቅደም ተከተሉን ንገሪን።»

ጠዋት ፊትን በውሃ ወይም በለስላሳ ማጠቢያ ታጠቡ። የልብስም የገላም ሳሙና ይቅር፤ ፊትን ያደርቃል። ፊታችሁ ትንሽ እርጥብ እያለ ሁለት ሦስት ጠብታ ፔፕታይድ፣ ከዚያ ማለስለሻ ክሬም፣ በመጨረሻ ሰንስክሪን።

ማታ ታጥባችሁ ፔፕታይድና ክሬም። አለቀ። የደረቀ ፊት ያላት ከላይ ቫዝሊን በስሱ ትንካው። አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ግን ከጆሮ ሥር ለጥቂት ቀን ሞክሩት።

«ፊቴ ቀይ ሆኗል፣ ያቃጥለኛል። የምቀባውን ክሬም ሳቆም ይብስብኛል። ፔፕታይድ ያድነኛል?»

ይህ ጥያቄ ሦስት ወረቀት ላይ ነበር። በሦስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ። አንዷ ክሬሙን ከጀመረች ሁለት ዓመት እንደሆናት ጽፋለች። «መጀመሪያ በአንድ ሳምንት ቀላሁ፣ ሁሉም ሰው አደነቀኝ» ትላለች።

እህቶቼ፣ በሳምንት የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚሉ ስሞች ቲዩቡ ላይ ፈልጉ። ለቆዳ በሽታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል። ቀያይ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፣ አንዳንዷ ላይ ጸጉር ያበቅላል። ሲቆም ደግሞ ቆዳው ያብዳል፤ ይቀላል፣ ያቃጥላል። እሱን ለማስታገስ ተመልሳ ትቀባዋለች። ወጥመዱ ይኸው ነው።

ከሁለት ሦስት ቲዩብ ተደባልቆ፣ ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጠው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አንዳንድ የማቅሊያ ክሬም ሜርኩሪም ይኖረዋል፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። ፊታችሁን አስጠግታችሁ ለምትስሙት ሕፃንም ይተርፋል።

ፔፕታይድ ይህን አያድንም። ለወራት የተቀባችሁ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፤ ቲዩቡን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀስ በቀስ የሚያስተዋችሁ እሱ ነው። እስከዚያው ሽታ የሌለው ማለስለሻና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ብቻ ይብቃችሁ። ፊታችሁ ከበረደና ጥቂት ወር ካለፈው በኋላ ፔፕታይድ ጥሩ ጓደኛ ይሆናችኋል። የሆነባችሁ ነገር አያሳፍርም። ውስጡ ያለውን ሳይነግራችሁ የሸጠላችሁ ነው ጥፋተኛው።

«አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ ያለበትን "ቦቶክስ በጠርሙስ" ይሉታል።»

አይደለም። ቦቶክስ ጡንቻን የሚያላላ መርፌ ነው፣ ጡንቻው ድረስ ይገባል። ይህ ላይ ላዩን የሚቀር ነው። ቀጭን መስመር ያለሰልስ ይሆናል፤ ግንባር ላይ የተቆረጠውን ጥልቅ መስመር ግን አይፈታም።

«ሰማያዊው ፔፕታይድስ?»

መዳብ ያለበት ነው፤ ቀለሙ ከመዳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰው ደም ተለይቶ የተገኘ ነው፤ ከሰውነታችን የወጣ ነገር ስለሆነ እኔ በግሌ እወደዋለሁ። ቫይታሚን ሲ ካላችሁ በአንድ ሰዓት አትደርቧቸው። ቫይታሚኑ ጠዋት፣ ሰማያዊው ማታ።

«በጾም መቀባት ይቻላል? ኮላጅን መጠጡስ?»

የክሬም ፔፕታይድ አብዛኛው በላቦራቶሪ የሚገጣጠም ነው። የሚጠጣው ኮላጅን ግን ብዙ ጊዜ ከከብት ቆዳ ወይም ከዓሣ ነው የሚሠራው። የከብቱ ለጾም አይሆንም፤ የዓሣውን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ። በእሱ ዋጋ ግን ምስር፣ በፍስኩ ደግሞ እንቁላል ብትገዙ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል እላለሁ።

«ወይባ ጢስ እገባለሁ። ይጎዳል?»

ገላሽን ግቢ፣ ባህላችን ነው፣ ደስም ይላል። ማድያት ካለብሽ ግን ፊትሽን ከጢሱ አርቂ፤ ሙቀት ማድያትን ያባብሳል። ምድጃ ላይ እንጀራ የምትጋግሩም እንዲሁ፣ ምጣዱ ላይ አታጎንብሱ።

«ፊቴን ቅቤ ብቀባስ?»

ለደረቀ እጅና እግር ይሁን። ለብጉር ለሚጋለጥ ፊት አይሁን፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቅቤ እርጥበት ያቆያል እንጂ የፔፕታይድን ሥራ አይሠራም።

«በመርፌ የሚወጋ ፔፕታይድ በስልክ ይሸጣሉ።»

አትንኩት። «ለምርምር ብቻ» እየተባለ የሚሸጥ ብልቃጥ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ንጹሕ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ከቆዳ በታች አይገባም።

«ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። እሱስ?»

የወንድና የሴት ፔፕታይድ የለም። ለእሱ ቀዳሚው ሰንስክሪን ነው፤ በሩ በሌለበት በኩል ያለው ጉንጩና ክንዱ ላይ በደንብ ይቀባ። ጎን ለጎን ብታዩት ያኛው ጉንጩ ቀድሞ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ።

«19 ዓመቴ ነው። ልጀምር?»

አይ ልጄ። ሰንስክሪንና ለስላሳ ማጠቢያ ይበቃሻል። ገንዘብሽን ለመጽሐፍሽ አድርጊው።

«አሁን 61 ዓመቴ ነው። ረፍዶብኛል?»

እማማ፣ አልረፈደም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ቆዳ ከኮላጅኑ እስከ 30 በመቶ ድረስ ያጣል። ድንገት የሳሳ፣ የደረቀ፣ የሚያሳክክ የሚመስልዎት ከዚያ ነው። ሬቲኖል ለሚያቃጥለው የሳሳ ቆዳ ፔፕታይድ ከእርጥበት ክሬም ጋር ከማንም በላይ ለእርስዎ ይስማማል ባይ ነኝ። ውድ ጠርሙስ አይፈልጉ፤ ስሙ ከዝርዝሩ መሐል ቢገኝ ይበቃል፣ በጥቂት መጠን ነው የሚሠራው። ከፀሐይና ከሙቀት አርቀው ያኑሩት። የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ላይ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ፤ ከከፈቱት በኋላ የሚቆይበት ወር ነው።

ያቺን ልጅዎ የላከችልዎትን ጠርሙስ አይቻታለሁ። ክዳኗ አልተነካም፣ ቀኗም አላለፈም። ዛሬ ማታ ሁለት ጠብታ ይጀምሩ። የሚቀጥለው ዕጣ ላይ ይዘዋት ይምጡ፤ ምን ያህል እንደጎደለ አብረን እናያለን።