አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከካዛንቺስ ነው የምጽፍላችሁ። በቅርቡ ከእናቴ ጋር ለዘመድ ሰርግ ልንሄድ ከቦሌ ተሳፈርን። አውሮፕላኑ መሮጥ ጀመረ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ ድንገት ፍሬን ተያዘና ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ከቆምን በኋላ ለደቂቃዎች ማንም ምንም አላለንም። በኋላ ካፒቴኑ «የማስጠንቀቂያ ምልክት ስላየን በረራውን አቋርጠናል» አለ። እናቴ ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ አልሳፈርም፣ በአውቶቡስ ይሻለኛል» ብለዋል። የተበላሸ አውሮፕላን ላይ ነው ወይ ያሳፈሩን? ለምንስ ዝም አሉን?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ወረዳችሁ። የእናትዎ ድንጋጤ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ካፒቴኑ ያቆመው ደንግጦ አይደለም። በምን ምክንያት እንደሚያቆም አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ወስኖ ጨርሷል።

ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አብራሪዎቹ «ቪ ዋን» የሚባል ፍጥነት ያሰላሉ። የአውሮፕላኑ ክብደት፣ የሰዓቱ ሙቀት፣ ነፋሱ፣ የማኮብኮቢያው ርዝመት፣ አስፋልቱ እርጥብ መሆን አለመሆኑ ሁሉ ይገባበታል። ከዚያ ፍጥነት በታች ከሆኑ ለመቆም የሚበቃ መንገድ አለ። ካለፉት ግን የለም፤ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው ሞተር መነሳት ነው። ምን ቢመጣ እንደሚያቆሙ፣ ምን ቢመጣ እንደሚቀጥሉ ከመነሳታቸው በፊት ተነጋግረው ይስማማሉ።

ሩጫው ሲጀመር ታዲያ እጃቸውን ቢያዩት ጥሩ ነበር። ብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ረዳት አብራሪው እያበረረም ቢሆን የሞተሩን ኃይል የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማንሻ ላይ ያለው የካፒቴኑ እጅ ነው። ፍጥነቱን አንደኛው ጮክ ብሎ ይጠራል። «ቪ ዋን» ሲባል ካፒቴኑ እጁን ከማንሻው ላይ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ማቆም የለምና ሳያስበው እንዳይጎትተው ነው።

ከ«ቪ ዋን» በፊት ያለው ሩጫም ሁሉ አንድ አይደለም። ቦይንግ ላይ እስከ 80 ኖት፣ ማለት በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር፣ ኤርባስ ላይ እስከ 100 ኖት ድረስ ትንሽም ነገር ቢሆን ይቆማል። ከዚያ በላይ ግን የሚያስቆመው ከባድ ነገር ብቻ ነው፦ እሳት፣ የሞተር መጥፋት፣ ወይም አውሮፕላኑ መብረር አይችልም የሚያሰኝ ምልክት። እንዲያውም አውሮፕላኑ ራሱ በዚያ ፍጥነት ላይ ቀላል ቀላል ማስጠንቀቂያዎችን ለጊዜው ይይዛቸዋል፤ ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ለአብራሪዎቹ አያሳያቸውም። ሰው በማይረባ መብራት ተደናግጦ በከፍተኛ ፍጥነት ፍሬን እንዳይረግጥ ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ ከዚህ ሙያ ነገሮች ሁሉ ይሄን በጣም አደንቃለሁ።

«የተበላሸ ላይ አሳፈሩን ወይ?» ላሉት፦ ቆሞ ሲፈተሽ ደህና የነበረ ነገር ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲሰጥ ሊገለጥ ይችላል። አንዳንዴ ችግሩ የራሱ የመለኪያው ይሆናል። አብራሪው ግን እዚያ ሆኖ የትኛው እንደሆነ የሚመራመርበት ጊዜ የለውም፤ ገና መቆም በሚችልበት ፍጥነት ላይ እያለ ከባድ ነገር ከጠረጠረ መቆም አለበት። ስለዚህ ለእናትዎ ይህንን ይንገሩልኝ፦ ያ ካፒቴን ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

መቀጠልም ማቆምም ከባድ የሆነበት ጊዜ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦይንግ 737 ሊነሳ ሲንደረደር፣ ፍጥነቱ «ቪ ዋን» አካባቢ ደርሶ ሳለ፣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ በደንቡ መሠረት ተነሱ። ደንቡ የሚያስበው ግን አንድ ሞተር ቢጠፋ ነው። ሊመለሱ ሲሞክሩ ሁለቱም ጠፉና ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በአንጻሩ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የአንድ ኤምዲ-83 አውሮፕላን ካፒቴን «ቪ ዋን»ን ካለፈ በኋላ የአውሮፕላኑ አፍንጫ አልነሳ ሲለው አቆመ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ የጭራውን መሪ ቆልፎት ነበር። ማኮብኮቢያውን አልፎ ወጣ፣ 116ቱም ሰዎች ተረፉ። ደንቡን ጥሶ ልክ የሆነ ሰው ነው፤ መብረር የማይችል አውሮፕላን በምንም ፍጥነት አይነሳምና።

ስለ ዝምታው ደግሞ፦ ከቆሙ በኋላ መጀመሪያ እሳት አለ ወይ፣ ተሳፋሪ ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለውን ያጣራሉ፣ ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ጋር ይነጋገራሉ። ይህ ከእናንተ ይቀድማል፣ መቅደምም አለበት። ግን «ባላችሁበት ተቀመጡ» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ያንን ሳይሉ ለደቂቃዎች ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም፤ ቅሬታዎን ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ቢያስገቡ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲህ አጋጥሞኝ ያውቃል (ከፒያሳ)። እሳት ሳይኖር የእሳት አደጋ መኪና ለምን ከበበን? ብዙ ያስጠበቁንስ?

መልስ፦ በፍሬኑ ምክንያት ነው። በዚያ ፍጥነት ያን ሁሉ ቶን ለማቆም ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ነው የሚይዘው፤ ብዙ አውሮፕላኖች ላይ ካፒቴኑ ማንሻውን ሲመልስ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ይሆናል።

ቦሌ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። መለኪያው ላይ ያው ፍጥነት ቢነበብም አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ የሚሮጠው ጅቡቲ ላይ ከሚሮጠው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው። ሞተሩም የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። ከቦሌ ሲነሱ «ምነው ዛሬ አልነሳም አለ» የሚያሰኘው ረጅም ሩጫ ከዚህ የመጣ ነው፣ አያስደንግጥዎ።

ፍሬኑ በጣም ሲግል ቸርኬው ላይ ያለች በሙቀት የምትቀልጥ ቡሽ ትቀልጥና ጎማው ከሚፈነዳ ይልቅ ይተነፍሳል። ሙቀቱ ከቆመ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ ይጠበቃል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ጎማውን ያዩታል። ቶሎ ብሎ እንደገና መነሳት አደገኛ ነው፤ የጋለ ፍሬን ሁለተኛ ጊዜ ላይይዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ውረዱ ቢባል ሻንጣዬን ይዤ ብወርድ ምን ችግር አለው? (ከለገሃር)

መልስ፦ አይያዙ። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ግማሹ በር ብቻ ተከፍቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው፣ ያ ሙከራ ደግሞ ከላይ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው አያስብም። በ1985 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ማንቸስተር ላይ ሊነሳ ሲል የቆመ አውሮፕላን በእሳት ተያይዞ 55 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነው። መሬት ላይ፣ ቆሞ፣ እሳት አደጋ እየመጣ። መታወቂያዎን፣ ስልክዎንና መድኃኒትዎን ከመነሳትዎ በፊት ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ሌላውን ይተዉት። ተረከዝ ያለው ጫማ ከሆነም ያውልቁት፣ ከበሩ ወደ መሬት የሚወረድበትን መንሸራተቻ ሊቀድደው ይችላል።