ገጠር መድኃኒት ቤት ልክፈት ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደረጃ 4 ፋርማሲ ጨርሰሻል፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲን፣ አልፈሻል። አጎትሽ ድሬዳዋ ገጠር ቀበሌ ውስጥ መንገድ ዳር ቤት አላቸው። «እዚያ መድኃኒት ቤት ብከፍት ፈቃዱ ያስቸግራል ወይ? ሥራውስ ያዋጣል?» ነው ያልሽው። እኔ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ ድሬ ከተማ፣ ሳቢያን ሰፈር ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ መመላለስ ያለበት ይመስለዋል። የለበትም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት እነሱ መድኃኒቱን ይመዘግባሉ፣ ፋብሪካውንና አስመጪውን ይቆጣጠራሉ። ችርቻሮው የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ነው። ድሬ የራሷ አስተዳደር ስላላት ጉዳይሽ እዚሁ ያልቃል። ሐረር ብትሆኚ ሐረሪ ክልል ጋ ነበር የምትሄጂው።

የቤቱን ዓይነት ለይተሽ ሂጂ። ፋርማሲ የዲግሪ ፋርማሲስት ይፈልጋል። ከእሱ ዝቅ ሲል መድኃኒት መደብር አለ። ከዚያ ደግሞ የገጠር መድኃኒት ቤት። ለእያንዳንዱ መያዝ የሚችለው የመድኃኒት ዝርዝር አለው፣ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ዝርዝሩ ያጥራል። ከዝርዝርሽ ውጭ ያለ አንድ ፓኬት መደርደሪያሽ ላይ ከተገኘ «ሰው ለምኖኝ ነው» ብትዪ የሚሰማሽ የለም። የሙያ ፈቃድሽንና የሠራሽበትን የልምድ ወረቀት አዘጋጂ። ቀጥሎ የብቃት ማረጋገጫው ነው፣ እኛ በአጭሩ «ብቃት» የምንለው። ንግድ ፈቃዱ ከእሱ በኋላ ይመጣል። በየዓመቱም ዕድሳት አለ።

እኔ የተቃጠልኩት ቤቱ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ ሳያየው ቸኩዬ ተከራየሁ። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ከኋላ ደግሞ ባለቤቷ የምትኖርበት ክፍል በር በእኔው በኩል ነው። ተቆጣጣሪው ገብቶ ዞር ዞር አለና «ወንድሜ፣ ይሄ መኖሪያ ቤት ነው» ብሎኝ ወጣ። ሦስት ወር ባዶ ቤት ከፈልኩ። ስለዚህ አጎትሽ ሲሚንቶ ሳይገዙ በፊት ፈቃድ የሚሰጠው የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ሄደሽ መስፈርቱን ወረቀት ላይ ተቀበዪ።

ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ተቆጣጣሪው ሳይነግርሽ ነው የሚመጣው። ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ጊዜ ያለፈበት ይፈልጋል፣ የሙቀት መመዝገቢያሽን ያያል። ከሁሉ በፊት ግን ባለሙያዋ ቤቱ ውስጥ አለች ወይ ነው። እኔ ለቅሶ ስሄድ እንኳ ዘግቼ ነበር የምሄደው። «ወረቀትሽን አከራዪን፣ አንቺ ቤትሽ ቁጭ በይ» የሚሉሽ ይመጣሉ። እንዳታስቢው! እዚያ ቤት የተሸጠ ሁሉ በአንቺ ስም ነው የሚቆጠረው።

ሌላው ፈተና ኮንትሮባንድ ነው። አካባቢያችንን ታውቂዋለሽ፣ ከጅቡቲም ከሶማሌላንድም ሁሉ ነገር ይገባል። አንድ ቀን በባጃጅ ካርቶን የጫነ ልጅ መጣ፣ የልጆች ሽሮፕ በግማሽ ዋጋ። ደረሰኝ የለውም። ጽሑፉን ማንበብ አልቻልኩም፣ ግን ገዛሁ። ስስት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከወር በኋላ ካርቶኑ ተወረሰ፣ እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበልኩ። ሳይያዝ በፊት ሁለት እናቶች ወስደውት ነበር። ልጆቹ ምንም አልሆኑም፣ እኔ ግን ለሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከጅምላ አከፋፋይ፣ በደረሰኝ፣ የባች ቁጥሩን (የምርት ዙሩን ቁጥር) አይቼ ብቻ ነው የምገዛው። የሚያጠራጥር ነገር ካየሽ የባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ነው።

አሁን ወደ ሰዉ። አንዱ በኦሮምኛ «ቆሪቻ» ይልሻል፣ አንዱ በሶማልኛ «ዳዎ»፣ አንዱ መድኃኒት። ኦሮምኛሽ ጥሩ ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ብዙዎቹ ስለማያነቡ ፓኬቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ እስልላቸው ነበር። ፀሐይ ጠዋት፣ ጨረቃ ማታ፣ ከጎኗ ደግሞ በፍሬው ቁጥር ነጥብ። ከዚያ «እስቲ አንተ ንገረኝ» ብዬ አስደግማለሁ። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ስትሰጪም ስለ ሊትር አታውሪ፣ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አሳዪ። አንድ ፓኬት ለአንድ ሃይላንድ፣ አለቀ። ዚንኩን ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም ባይቆምም 10 ቀን እንዲጨርሱ ንገሪ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የሚተዉት።

ከባዱ ሥራ «አልሸጥም» ማለት ነው። «ሁለት ፍሬ አሞክሳ (አሞክሳሲሊን) ስጪኝ» የሚልሽ በየቀኑ ይመጣል። እንክብሉን ፈልቅቆ ቁስል ላይ የሚነሰንስ አለ። ለፍየሌ የሚል አለ (የእንስሳት መድኃኒት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው)። ማታ ማታ ደግሞ ከበርጫ የተነሱት ይመጣሉ። ምርቃናው አላስተኛ ብሏቸው ዳያዚፓም ይፈልጋሉ። አቦ፣ ለጨብሲ (ምርቃና ለመስበር) ዳያዚፓም! እሱ በልዩ ማዘዣ ካልሆነ አይሸጥም። ይቆጡሻል፣ የአባትሽን ስም ጠርተው ይለምኑሻል። አንዴ ከሰጠሽ ግን በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ትኩሳት ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ድሬ ወባ ብቻ አይደለም ያለባት። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ገባ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለ። ሰው «መገጣጠሚያዬን ቆረጠኝ፣ ዳይክሎፍናክ ስጪኝ» ብሎ ይመጣል። ደንጊ ከሆነ ዳይክሎፍናክ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ስጪና ለምርመራ ጤና ጣቢያ ላኪ። የወባው መድኃኒት ኮአርተምም ቢሆን ሳይመረመር አይወሰድ። መርፌ ውጊን ይሉሻል፣ አትውጊ። መድኃኒት ቤት ክሊኒክ አይደለም። እኔ ጤና ጣቢያ የላክሁት ሰው ተቀይሞ አልቀረም፣ ማዘዣውን ይዞ ወደኔው ነበር የሚመለሰው። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋርም ተወዳጂ፣ የማን ቤት ማን እንደታመመ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ያኖራል፣ አያበለጽግም። ዱቤ አለ። አልሰጥም ብትዪ መንደሩ ያኮርፍሻል፣ ለሁሉም ብትሰጪ መደርደሪያሽ ይራቆታል። እኔ ለሕፃን መድኃኒትና ለደም ግፊት ብቻ ነበር የምሰጠው። ፍየል ሲሸጥ፣ ጫት ሲቆረጥ ይከፍላሉ። ስማቸውን የጻፍኩበት ደብተር ዛሬም አለኝ፣ ሳይከፍሉ የቀሩት አንድ ገጽ አይሞሉም።

የእኔ ትልቁ ኪሳራ ከዱቤ ሳይሆን ከሙቀት ነው። አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። የድሬን ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንድ ግንቦት በመቀመጫ የሚገባው የልጆች ፓራሲታሞል ሙሉ ካርቶን ቀልጦ አገኘሁት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልገውን ደግሞ መብራቱ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ጨርሶ መያዝ ተውኩ። እና የአጎትሽን ቤት ሳታድሺ ቴርሞሜትር ግዢ። ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ዘግተሽ ግድግዳው ላይ ስቀዪው። ሦስት ቀን ለኪና ስንት እንዳነበበ ጻፊልኝ፣ ኮርኒሱን በምን እንደምትሠሪው ያኔ እናወራለን።