ስንዴው ሞልቶ እንቁላል የተወደደበት አገር

ጥያቄ፦ «ኢተያ ነው የምኖረው፤ ስንዴ አራሽ ነኝ። ጓሮዬ ደግሞ 200 እንቁላል ጣይ ዶሮ አሉኝ። ሩሲያ ማዕቀብ ተጥሎባት ስንዴዋ ዓለምን አጥለቅልቋል ይባላል። እኛ ማንም ሳይከለክለን ማዳበሪያ አልቀመስ አለን። ነገሩ እንዴት ነው? ከነሱስ የሚወሰድ ነገር አለ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሁለት ነው። ከማዳበሪያው ልጀምር፤ ኪስዎን የነካው እሱ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ሩሲያ ለእኛ ዓይነት አገር ማዳበሪያም ሆነ ስንዴ እንዳትሸጥ የከለከላት የለም። አሜሪካ በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ማዕቀብ ስትጥል እህልና ማዳበሪያን ነጥላ ፈቅዳለች። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ገንዘብ የሚያስተላልፈው ባንክ፣ የመርከቡ ባለቤት፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም ፈራ። የሩሲያ መንግሥት የእርሻ ባንክ በ2022 አጋማሽ ከስዊፍት (ባንኮች በዓለም ዙሪያ የክፍያ መልእክት ከሚለዋወጡበት መረብ) ተቆረጠ። የቤላሩስ ፖታሽ (አንዱ የማዳበሪያ ዓይነት) በሊትዌኒያ ወደብ እንዳያልፍ ተዘጋ። ከሩሲያዋ ቶልያቲ እስከ ዩክሬኗ ኦዴሳ የተዘረጋው የአሞኒያ (የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ) ቧንቧም ጦርነቱ ሲጀመር ቆመ።

ደግሞ ሁሉንም በጦርነቱ ማሳበብ አይቻልም። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ በ2021 ሲወደድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ። ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን አጠበቀች። ሩሲያም በዓመቱ መጨረሻ ለራሷ ገበሬ ብላ በማዳበሪያ ኤክስፖርት ላይ ኮታ ጣለች። እኛ በጨረታ፣ በዶላር፣ በጅቡቲ በኩል የምንገዛ ሰዎች ነን። የዓለም ዋጋ ሲያስነጥስ እኛ እንታመማለን። የብሩ መውረድ ሲጨመርበት ደግሞ ያዩት ነው።

አሁን ወደ ሩሲያው ገበሬ። በ2022 ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ስንዴ አመረቱ። በእኛ ቋንቋ ከአንድ ቢሊዮን ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ታዲያ ገበሬው ከበረ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ከ2021 ጀምሮ መንግሥታቸው ወደ ውጭ በሚሸጥ ስንዴ ላይ ተለዋዋጭ ቀረጥ ያስከፍላል። ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ፣ ከጣሪያው በላይ ካለው 70 በመቶው ለመንግሥት ነው። ቀረጡን የሚከፍለው ላኪው ነው፤ ላኪው ግን ከገበሬው ሲገዛ ቀንሶ ይገዛል። ዳቦ ከተማ ላይ እንዳይወደድ ተብሎ ነው። ገበሬው በርካሽ እየሸጠ መለዋወጫ በውድ ይገዛል። የአሜሪካው የእርሻ ማሽን አምራች ጆን ዲር በ2022 ወደ ሩሲያ መላክ አቁሟል፤ ኮምባይነር አንድ ዕቃ ሲሰበርበት ምን እንደሚመስል እርስዎ ለእኔ ያስረዱኛል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። የምግብ ክልከላ የጀመረችው ራሷ ሩሲያ ናት። በ2014 ክራይሚያን ከዩክሬን በመውሰዷ ማዕቀብ ሲጣልባት፣ የአውሮፓን፣ የአሜሪካን፣ የካናዳን፣ የአውስትራሊያንና የኖርዌይን ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬ አታስገቡ ብላ በአጸፋው ዘጋች። በ2015 ተደብቆ የገባ አይብ በቡልዶዘር ሲደፈጠጥ በቴሌቪዥን አሳዩ። ሰው አዘነ፣ ተቆጣም። ረሃብ የሚያውቅ አገር ነው። ሆኖም በሩ ሲዘጋ የአገር ውስጡ አምራች እፎይ አለ። በዘጠናዎቹ ከአሜሪካ በሚመጣ የዶሮ እግር ይኖር የነበረ አገር (ሕዝቡ «የቡሽ እግር» ይለው ነበር) ዛሬ ዶሮውንም አሳማውንም ራሱ ያረባል። በዶሮው ግን መንግሥት ገንዘብ ማፍሰስ የጀመረው ከ2014 በፊት ነው፤ ክልከላው ብቻውን ያመጣው አይደለም።

ይሄንን ሁሉ ያወራሁት ለሚቀጥለው ነው። ዶሮው የአገር ውስጥ ሆነ እንጂ ዘሩ አልሆነም። የወላጅ ዶሮ ጫጩት በብዛት፣ የሚፈለፈል እንቁላልም በከፊል ከውጭ ነበር የሚመጣው። ክትባቱና የመኖ ቅመሙም እንዲሁ። የስኳር ቀይ ሥሩም (ስኳር የሚያወጡበት ነው) ዘሩ ከሞላ ጎደል የውጭ ነበር። በ2023 መጨረሻ እንቁላል በአንድ ዓመት ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። የወፍ ጉንፋን ነበር፣ የሠራተኛ እጥረት ነበር፣ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወዶ ነበር። ፑቲን በቴሌቪዥን አንዲት ጡረተኛ ስትጠይቀው ይቅርታ ጠየቀ። እንቁላል ከቱርክና ከአዘርባጃን አስገቡ። ስንዴ ለዓለም የሚሸጥ አገር!

የእርስዎም ቤት እንደዚያው ነው፣ ጋሼ። ስንዴው በእጅዎ ነው፣ ዶሮው በሰው እጅ።

ስንዴ በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ንጹሕ ዘር ከያዙ ሁለት ሦስት ዓመት ከራስዎ ጎተራ መዝራት ይችላሉ። እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ አይገዛም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችን ድረስ መጥቶ የእኛን የስንዴ ዘር ሰብስቧል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ ባልደረቦቹ በረሃብ እየሞቱ የዘር ክምችቱን አልነኩም። ብቻ ዘር መያዝ ማለት አሮጌ ዝርያ ላይ ሙጭጭ ማለት አይደለም። ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2013 በግንድ ዋግ በሽታ እንዴት እንደተመታ ያስታውሳሉ። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብዎ ነው፤ ዘንድሮ ዋግ የሚቋቋመው የትኛው እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ ዩሪያውን አንዴ አይበትኑት። ሲዘሩ ሲሶውን፣ የቀረውን ስንዴው ሲያቆጠቁጥ፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ይስጡት። አፈር ሳይለብስ ወይም ዝናብ ሳያገኘው ላይ ላዩን የቀረ ዩሪያ ከፊሉ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ ከመዝራት አንድ ማሳዎን ባቄላ ያድርጉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩሪያ ይቀንስልዎታል፣ በሽታም ይሰብራል። አፈርዎ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ካልገባበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያውን በከንቱ ነው የሚከፍሉበት፤ ያስመርምሩት።

ዶሮው ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ። አሁን ካሉት 200 ወደ 500 ለማሳደግ ብድር አይግቡ። የፈንግል ክትባትና የመኖ ቅመም የት እንደሚያገኙ አስቀድመው ይወቁ። ተተኪ ቄቦችንም አሮጌዎቹ መጣል ሲያቆሙ ሳይሆን ከአራት ከአምስት ወር በፊት ይዘዙ። መኖውን ግን ከራስዎ ስንዴና ፍርፋሪ ብቻ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ካልሲየምና ፕሮቲን ሲያንስ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እንቁላሉም ይቀንሳል።