ከጀልባ ለወደቀ ሰው እንዴት እንድረስለት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጀልባ ጉዞ አደጋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱን መርጠን በዚህ አምድ እንመልሳለን።

ከባሕር ዳር፦ «በሞተር ጀልባ ወደ ደሴት ገዳማት ስንሄድ አንድ ተሳፋሪ ቢወድቅ፣ ዋና የሚችል ሰው ወዲያው ተከትሎት መግባት የለበትምን?»

የለበትም። ወገኑ ሲሰጥም እያየ ያልዘለለ ሰው በእኛ ዘንድ ፈሪ እንደሚባል አውቃለሁ። ነገር ግን በመስጠም ላይ ያለ ሰው በጭንቀት ያገኘውን ሁሉ አንቆ ስለሚይዝ ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ይዞ ሊሰጥም ይችላል፤ ጀልባ ነጂውም በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት ሰው ለመፈለግ ይገደዳል። አስቀድሞ «ሰው ወደቀ!» ብሎ መጮኽ፣ ወዲያውም የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይገባል። ላይፍ ጃኬት ወይም ተንሳፋፊ ቀለበት ከሌለ፣ አፉ በደንብ የተከደነ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን የወደቀው ሰው ታቅፎት ራሱን ከውኃ በላይ እንዲያቆይ ይረዳዋል። ቀጥሎም አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው፣ በጣቱ ወደ ወደቀው እያመለከተ፣ ዓይኑን ከእርሱ ሳይነቅል ይቁም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከ120 ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዚያ ርቀት ሞገድ ካለ ከሰውየው የሚታየው ራሱ ብቻ ነው፣ እርሱም ብቅ ጥልቅ እያለ። ጀልባው ተመልሶ ሲጠጋ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ እግር ይቆርጣልና።

የደብረ ማርቆስ ተወላጅ ሆነው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ አንባቢ፦ «የሥራ ባልደረቦቼ በሸራ ጀልባ ይዘውኝ ይወጣሉ። የሸራ ጀልባ ሰው ቢወድቅበት ዞሮ በቀጥታ ሊመለስ ይችላልን?»

ሁልጊዜ አይችልም። የሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለማይችል፣ የወደቀው ሰው በነፋሱ መምጫ በኩል ከቀረ እየተጠማዘዙ መመለስ ግድ ይሆናል። በዚህም ምክንያት የታወቁ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው፣ ሰው እንደወደቀ የጀልባውን ፊት ወዲያው ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ፍጥነቱን ገትቶ፣ በሰውየው ዙሪያ በቅርብ መዞር ነው። ሁለተኛው ነፋሱን በጎን ይዞ ጥቂት ከራቁ በኋላ የ8 ቁጥርን ቅርጽ እየሠሩ መመለስ ነው። ከሰውየው ስለማያርቅ እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ። በሁለቱም ዘዴ የመጨረሻው አቀራረብ ነፋሱ ከሚሄድበት በኩል ተነሥቶ ወደ ነፋሱ መምጫ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ የሸራው ገመድ ሲላላ ሸራው እየተርገበገበ ኃይሉን ያጣል፣ ጀልባውም ከሰውየው አጠገብ ይቆማል።

ብዙዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ከባዱ ግን ሰውየውን ወደ ላይ ማውጣቱ ነው። የረጠበ ልብስ የለበሰና እጁ የደነዘዘ ሰው በጀልባው ጎን ላይ ራሱን መሳብ አይችልም፣ ሁለት ሰዎችም በክንዳቸው ብቻ ሊያወጡት ይቸገራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከጀልባው ጋር በገመድ ይታሰር፣ ከዚያም ሸራው ወደ ምሰሶው በሚወጣበት ገመድና ገመዱን በሚጠቀልለው መዘውር ይነሣ። በባልቲክ ደግሞ ብርዱ ይጨመራል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ለበረዶ በቀረበ ውኃ ውስጥ በ10 ደቂቃ ያህል ጣቶች መታዘዝ ያቆማሉ። በብርድ ውኃ ውስጥ የቆየን ሰው በተቻለ መጠን አጋድሞ ማውጣት ይገባል፤ ቀጥ አድርገው ሲያነሡት የደም ግፊቱ በድንገት ሊወድቅ ልቡም ሊደክም ይችላልና። ላይፍ ጃኬትዎን ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ይልበሱ፤ ማንም ባይለብስ እንኳ እርስዎ አይፈሩ።

ከዘጌ፦ «በደንገል ታንኳ የምንጓጓዝ ነን። የወደቀውን ለማሳፈር ስንሞክር ታንኳው ሊገለበጥብን ይቃጣዋል፤ ምን እናድርግ?»

በጎኑ አይሳቡት፤ ከኋላ ጫፍ በኩል ይምጣ። እግሩን እያራገበ በደረቱ ተንሸራትቶ ይውጣ፤ ካልቻለም ጫፉን ይዞ ይቆይና ወደ ዳር ቅዘፉ። ታንኳው ቢገለበጥ እንኳ ደንገሉ ስለሚንሳፈፍ ትታችሁት ወደ ዳር ለመዋኘት አትሞክሩ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የወደቀ ሰውም ከወራጁ ጋር አይታገል፤ ወራጁ እየወሰደው በሰያፍ ወደ ዳር ይዋኝ።

ከቁንዝላ፦ «ከውኃ የወጣን ሰው እግሩን ይዘው ሲዘቀዝቁት አይቻለሁ። ትክክል ነውን?»

ትክክል አይደለም፤ ይህ ልማድ እንዲቀር አጥብቄ እለምናለሁ። ሲዘቀዘቅ የሚወጣው በአብዛኛው የጨጓራ ውኃ ነው፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ውድ ደቂቃዎችም ያልፋሉ። ሰውየው የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝተው፣ አገጩን ቀና አድርገው፣ አፍንጫውን ይዘው በአፉ 5 ጊዜ ይተንፍሱለት፤ የሰጠመ ሰው ከሁሉ በፊት የጎደለው አየር ነው። አሁንም የሕይወት ምልክት ካላሳየ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ 30 ጊዜ ይጫኑ፣ 2 ጊዜ ይተንፍሱለት፤ እርዳታ እስኪደርስ ወይም መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ። አጫጫኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ውኃ የነካው ሳንባ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና።