እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍር

«የጥፍሬ መሃል ጎድጉዶ ጫፉ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ካልሲየም ልግዛ?» ላልሽው፦ አትግዢ። እንዲህ ያለ ጥፍር ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረትን ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ጥፍርሽ ላይ ጣል አድርጊና እዪው። ሳይፈስ እዚያው ከቀረ በእርግጥም ጎድጉዷል።

በደም ምርመራ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) እና ፌሪቲን ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን ብቻውን ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሰውነትሽ ያጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው ፌሪቲን ነው። የወር አበባሽ የሚበዛ ወይም ሰገራሽ የጠቆረ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። እጥረቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት።

የአይረን ኪኒን ከታዘዘልሽ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂው፣ አይረኑ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ደግሞ አደራ፣ ስትበረቺ በራስሽ አታቋርጪ። እህቴ «ተሽሎኛል» ብላ አቁማ ድካሙ ተመልሶባታል። ጥፍርሽም ወዲያው ካልተስተካከለ ታገሺ፤ የእጅ ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመታደስ 6 ወር ገደማ ይፈጃል።